መቶ ሰባት ጊዜ «ስሙኝማ»

ቤተሰባችን የባህርይ ተንታኞች ቤተሰብ መሆኑን የምገልጸው በታላቅ ትሕትና ነው። ሌላ ቤት ልጅ ሲያለቅስ «ምን ሆነ?» ይባላል፤ እኛ ቤት «ለስንት ደቂቃ?» ይባላል። ሌላ ቤት ሰው ሲስቅ አብረውት ይስቃሉ፤ እኛ ቤት ከሳቁ በፊት ምን እንደነበረ፣ ከሳቁ በኋላም ምን እንደተከተለ ቅጽ ይሞላል፤ ሳቁም በዚያው ያበቃል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ለሰፈሩ መኩሪያ መሆን ነበረበት። ሰፈሩ ግን «ቆጣሪዎቹ» ይለናል። ቅናት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!

ሙያውን ወደ ቤታችን ያስገቡት አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። እሳቸው ተምረው መጡና ታላቅ እህቴን አስተማሩ። እህቴ እኔን አስተማረች። እኔ የማስተምረው ሰው ባጣ በድመታችን ጀመርኩ፤ ድመቷ በሦስተኛው ሳምንት ቤት ቀየረች። አሁን ሦስታችንም የምንሠራው አጎቴ በመሠረቱት ማዕከል ውስጥ ነው። ወላጆች የሚናከስ፣ የሚጮህ፣ ዕቃ የሚወረውር ልጃቸውን ያመጡልናል። እኛም ከመናከሱ በፊት ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተናከሰ፣ ተናክሶም ምን እንዳገኘ እንመዘግባለን። በልጆቹ ብዙ ጊዜ ይሳካልናል፤ ልጆቹም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይወዱናል። የሚያስቸግሩን ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ከትልልቆቹም ሁሉ እኛው።

ራሴን ለብቻ ነጥዬ ማመስገን አልወድም፤ ግን ለታሪክ ያህል ይመዝገብልኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የምኖረው እናቴ ቤት ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት እጮኛ ነበረችኝ። «እወድሃለሁ» የሚለውን ቃል በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትለው አራት ወር ሙሉ መዝግቤ፣ ባለቀለም ግራፍ ሠርቼ፣ ፍሬም አስገብቼ ለልደቷ ሰጠኋት። መስመሩ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ከልደቷ በኋላ ዜሮ ሆነ። አጎቴ ግራፉን አይተው «ንጹሕ መረጃ ነው» ብለው አጽናኑኝ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የአጎቴንም፣ የእህቴንም፣ የእኔንም ትምህርት ያስጨረሰችን ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍሏ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ነው። አባታችን ካረፈ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ከቤታችን ሰው ሙያውን ያልተማረች እሷ ብቻ ናት። ይህ ክፍተት ሲያሳስበን ኖሯል።

ነገሩ የተጀመረው የሙያ ማኅበራችን ለዓመታዊ ጉባኤው «ሙያችን በቤታችን» የሚል መሪ ቃል በመረጠ ጊዜ ነው። አጎቴ ደብዳቤውን ራት ላይ ቆመው አነበቡልን።

«ከዚህ አኳያ» አሉ፣ መነጽራቸውን ከፍ እያደረጉ፣ «ከገዛ ቤታችን አንድ ችግር ለይተን፣ በሳይንሳዊ መንገድ ፈትተን፣ ለጉባኤው እንድናቀርብ አቅጣጫ ተቀምጧል።»

«ማን ነው ያስቀመጠው?» አልኩ።

«እኔ።»

«እኛ ቤት ደግሞ ምን ችግር አለ?» አለች እህቴ።

ሦስታችንም አሰብን። እውነትም ችግር የለብንም። በዚህ መሃል እናቴ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ፣

«ልጆች፣ ስሙኝማ» አለች።

ዞር ብለን አየናት። ከዚያ እርስ በርሳችን ተያየን። አጎቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ይህቺን ቃል በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትላት?» አሉ በሹክሹክታ።

«ኧረ ሰሞኑንማ ብሶባታል!» አለች እህቴ፤ ዓይኗ በራ።

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት? እኔ እኮ ቁም ነገር ልነግራችሁ ነው» አለች እናቴ።

አጎቴ እስክሪብቶ ፍለጋ ተነሥተው ሄደው ነበር።

ሙያችን ሥነ ምግባር አለው። ሰውን ያለ ፈቃዱ ማጥናት ክልክል ነው። ስለዚህ በማግስቱ እህቴ አራት ገጽ የስምምነት ቅጽ አዘጋጅታ ለእናቴ አቀረበችላት። እናቴ በአፏ የያዘቻትን ስፒል አውጥታ የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካችና የመጨረሻው ገጽ ላይ ፈረመች።

«አላነበብሽውም እኮ» አልኳት።

«ልጆቼ ያመጣችሁትን ደግሞ ምን አነበዋለሁ? በሉ ፈረምኩ። አሁን ቁጭ በሉና ስሙኝማ።»

እህቴ ኪሷ ውስጥ ያለችውን የእጅ መቁጠሪያ በአውራ ጣቷ ተጫነቻት። ቀጭ አለች። አንድ።

ከሁሉ በፊት ትርጓሜ ያስፈልጋል። በሙያችን አንድ ድርጊት የሚቆጠረው፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አይተውት «አዎ፣ ይኸው ነው» ብለው እንዲስማሙ ሆኖ ሲተረጎም ነው። አጎቴ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተጨንቀው ይህን ጻፉ፦ «ተጠኚዋ፣ በድምፅም ሆነ በጽሑፍ፣ ‹ስሙኝማ› የሚለውን ቃል ስትጠቀም። ከቃሉ በኋላ የሚከተለው ንግግር በትርጓሜው ውስጥ አይካተትም።»

«ለምን አይካተትም?» አልኩ።

«አይቆጠርማ!» አሉኝ። እኔም ገባኝ። አሁን ሳስበው እንዴት እንደገባኝ አይገባኝም።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳናደርግ ቆጠርን ብቻ። ሁለት ተመልካች ሳይነጋገር ለየብቻው መቁጠር ስላለበት፣ እህቴ በአንድ መቁጠሪያ፣ እኔ በሌላ እንይዝ ነበር። በቀን አራት ጊዜ ያህል መጣ። ቀጥሎ ምክንያቱ ተጠና። መጽሐፋችን እንደሚለው ሰው የሚያደርገውን የሚያደርገው ከአራት ምክንያት በአንዱ ነው፦ የሚፈልገውን ለማግኘት፣ ከማይፈልገው ለማምለጥ፣ ለአካሉ ስለሚመቸው፣ ወይም ትኩረት ለመሳብ። «የሚናገረው ነገር ስላለው» የሚል አምስተኛ ምክንያት በመጽሐፉ የለም። በመሆኑም የእናቴ ጉዳይ ትኩረት መሳብ እንደሆነ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ትኩረት ፈላጊን ትኩረት ነሥተህ ድርጊቱን ታከስመዋለህ። አጎቴ መመሪያ አወጡ። ቃሉ እንደተሰማ ፊት ይዞራል፤ ምንም ቃል አይወጣም፤ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ክፍሉ ይለቀቃል።

«ትንሽ አይጨክንም?» አልኩ፤ ምን ቆርጦኝ እንደጠየቅኩ እንጃ።

«አየሽው?» አሉ አጎቴ ወደ እህቴ ዞረው። «ድርጊቱን የሚያጠናክርላት እሱ ነው። የቤቱ ደካማ ሰንሰለት እሱ ነው።»

ደካማ ሰንሰለት መባል ሰው አይወድም። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የጨከንኩት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት እናቴ ደረጃው ላይ ብቻዬን አገኘችኝና የሸሚዜን እጅጌ ያዝ አደረገች። እጇ ላይ የመኪና ዘይት ሽታ ነበር።

«አንተ እንኳ ትንሽ ትሻላለህ፤ እባካችሁ ስሙኝማ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ…»

ዓይኗን አየሁት። እናቴ እንደዚያ አፍራ አይቻት አላውቅም፤ እንደ ልጃገረድ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነበር። አንጀቴን በላችው። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ ዘጠኝ ላይ ስደርስ እጅጌዬን አስለቅቄ ወጣሁ። ምሽት ላይ አጎቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ዘጠኝ ሰከንድ! ከመመሪያው በላይ ነው!» ብለው አመሰገኑኝ። በዚያ ምስጋና አንድ ሳምንት ሙሉ ኮራሁ።

የዘይቱ ሽታ ከየት እንደመጣ ማንም አልጠየቀም። የሰፈራችን የስፌት መኪና ጠጋኝ ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ የዘይት ቆርቆሮ ይዘው ስለሚዞሩ «ጋሽ ዘይቱ» ነው የሚባሉት። በእነዚያ ሁለት ወራት የእናቴ መኪና በሳምንት አራት ቀን ይበላሽ ነበር። እኔ ይህንንም መዝግቤዋለሁ። «መኪናው አርጅቷል» የሚል ማስታወሻ ከጎኑ አለ።

አሁን ወደ ታላቁ ሐሙስ ልምጣ። አንድ ድርጊት ሊከስም ሲል በመጀመሪያ ይብሳል፤ ሊቃጠል ያለ አምፖል ቦግ እንደሚለው ማለት ነው። ይህን አጎቴ «ቦግታ» ይሉታል። ቦግታ ከመጣ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። እናቴ «ስሙኝማ»ን በቀን ስድስት፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ አሥራ አንድ ጊዜ ማለት ስትጀምር፣ ሌላ ቤተሰብ «እናታችን ምን ሆነችብን?» ብሎ ይደነግጥ ነበር። እኛ ኬክ ገዛን። ለብቻችን በላነው፤ ለእሷ መስጠት ድርጊቷን ማጠናከር ይሆናልና።

ሐሙስ ዕለት እናቴ የክት ጫማዋን አድርጋ ማዕከሉ ድረስ መጣች። እንግዳ ተቀባይዋ በተሰጣት መመሪያ መሠረት ወደ ልጆች መጫወቻ ክፍል አስገባቻት። ያ ክፍል አንድ ግድግዳው መስታወት ነው፤ ከውስጥ ያለ ሰው ራሱን ያያል፤ እኛ ከኋላ፣ ከመመልከቻው ክፍል ሆነን እሱን እናያለን። እናቴ ለአራት ዓመት ልጅ በተሠራች ቢጫ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደረሰ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገችና መስታወቱን ቀና ብላ አየችው።

«ከዚያ ወዲያ እንዳላችሁ አውቃለሁ» አለች። «ስሙኝማ።»

ቀጭ።

«እሺ አትውጡ፤ እዚያው ሆናችሁ ስሙኝማ።»

ቀጭ። እህቴ ከጎኔ በደስታ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት… አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው የድምፅ ማጉያውን ዘጉት።

«በቃ፤ ጣሪያው ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ወሬ ነው» አሉ።

እናቴ ማውራቷን ቀጠለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። አንድ ጊዜ ፈገግ አለች። አንድ ጊዜ መሀረብ አወጣች። እህቴ ቅጹ ላይ «የከንፈር እንቅስቃሴ፣ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ» ብላ ጻፈች። መጨረሻ ላይ እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ መስታወቱን ጠበቀች፤ የሆነ ነገር የጠየቀች ትመስል ነበር። እኛ በዚህ ሰዓት ግራፉን እያየን ነበር። እንዲህ ያለ ቦግታ በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚታየው! አጎቴ አጨበጨቡ፣ እህቴ አጨበጨበች፤ እኔማ ቀደም ብዬ ከአሥራ ስድስት ጀምሬ ሳጨበጭብ ስለነበር ሦስቱን ሳልቆጥር አልፎኛል። ይህ ስህተት በሙያ ሕይወቴ ውስጥ ትልቁ ነው ብዬ አምን ነበር።

እናቴ ከቢጫዋ ወንበር ተነሥታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ ፊቷ በርቶ ሄደች።

ከሐሙስ ወዲህ መስመሩ ወረደ። አምስት፣ አራት፣ ሁለት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ነጭ ፖስታ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ተገኘ፤ በላዩ በእናቴ እጅ ጽሑፍ «ስሙኝማ» ይላል።

«በጽሑፍም መጣች!» አለች እህቴ።

ልከፍተው እጄን ስዘረጋ ቀማችኝ። «አብደሃል? መክፈት እኮ ትኩረት መስጠት ነው!» ብላ፣ ቁጥር ለጥፋበት፣ እንደታሸገ ፋይል ውስጥ አስገባችው። የመጨረሻው ቁጥር ነበር። ከዚያ በኋላ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

ከዚያማ ቤታችን ምን የመሰለ ጸጥታ ሰፈነበት! እናቴ ቀኑን ሙሉ ክሬም ቀለም ያለው ጨርቅ ላይ ጎንበስ ብላ ትሰፋለች፤ ታንጎራጉራለችም። እህቴ «ጠቃሚ ተተኪ ባህርይ አዳብራለች» ብላ መዘገበች። አንድ ምሳ ሰዓት እናቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ስፒል በአፏ ይዛ መጣችና ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን ለካችው። ከዚያ አጎቴን። ከዚያ የእህቴን ወገብ። አንድም ቃል አልተነፈሰች። አጎቴ እስክትወጣ ጠብቀው «ያለ ንግግር አካላዊ ንክኪ። ጤናማ ነው፤ ይተው» አሉ።

በዚያው ሰሞን ዳቦ ቤቷ ሴትዮ ከሩቅ አየችኝና እጇን ዱቄቱ ላይ ትታ ጮኸች።

«እንኳን ደስ አላችሁ!»

ጥናታችን ለጉባኤው መመረጡ ሰፈሩ ድረስ በመሰማቱ ልቤ ሞቀ። «እናመሰግናለን» አልኩ። «አልጠበቅንም ነበር፤ ሃያ ሁለት አመልካች ነበር።»

«ሃያ ሁለት!» ብላ አፏን ያዘች። «ለእናትህ?»

«ለእሷ ጉዳይ፣ አዎ።»

«ወይ ጉድ! ሰውዬው ታዲያ ዕድለኛ ናቸው በለኛ!»

«ዕድል አይደለም፤ ለፍተውበታል» አልኩ፣ አጎቴን እያሰብኩ። ሁለት ዳቦ መርቃ ሰጠችኝ።

የጉባኤው ዕለት፣ ቅዳሜ፣ ገና በጠዋቱ እናቴ ክፍሏን ዘግታ ነበር፤ የጎረቤት ሴቶች ውስጥ ይስቃሉ፣ የፀጉር ማድረቂያ ይጮሃል። በበሩ ቀዳዳ ሆና ጠራችን።

«ልጆች! አደራ፣ ዛሬ እንዳትዘገዩ!»

«እኛ? የመጀመሪያዎቹ እኛው ነን!» አሉ አጎቴ በኩራት። ደረጃውን ስንወርድ «እንዴት እንደተለወጠች አያችሁ? ለሥራችን ድጋፍ መስጠት ጀምራለች» አሉን።

አዳራሹ ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹ ከመሆን ፈንታ መርሐ ግብሩ ተገፍቶ ተገፍቶ ተራችን የደረሰው ከምሳ በኋላ ነው። አጎቴ ወደ መድረኩ ሲወጡ አንገታቸው እንኳ ረዝሞ ነበር። ግራፉ በግድግዳው ላይ ተገለጠ፤ ታላቁ ሐሙስ እንደ ተራራ ጫፍ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል፣ ከዚያ ወዲያ ዜሮ። አጎቴ የታሸገውን ፖስታ ከፍ አድርገው ለታዳሚው አሳዩ።

«የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ! ተጠኚዋ በጽሑፍም ሞክራለች። ነገር ግን የጥናት ቡድኑ፣ ከተጠኚዋ ጋር ያለው የሥጋ ዝምድና ሳይበግረው፣ ይህን ፖስታ እስከ አሁኗ ደቂቃ ድረስ አልከፈተም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰብሳቢው «ጥያቄ?» ሲሉ ማንም እጁን አላወጣም። ግን ከጎን፣ ሽቦ ሲጠቀልል የነበረው የድምፅ ማጉያ ሠራተኛ ቀና አለ።

«ይቅርታ፣ እኔ ከሙያው አይደለሁም» አለ። «ሴትዮዋ ግን ምን ሊሉ ፈልገው ነው?»

አጎቴ በትዕግሥት ፈገግ አሉ። «እሱ በትርጓሜው ውስጥ አልተካተተም፣ ወንድሜ።»

«አይ፣ እሱስ ይሁን። ግን ምን አሉ?»

«አናውቅም።»

«እናታችሁ ናቸው አላላችሁም እንዴ?»

ሰብሳቢው ሰዓቱ መግፋቱን አስታወሱ። የምስክር ወረቀት ተሰጠን፤ ፎቶ ተነሣን። ለሻይ ስንወጣ ሰውዬው ሽቦውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ተከተለኝ።

«በሞቴ ክፈተው» አለኝ። «እኔ እንዲህ ተንጠልጥዬ ዛሬ ሥራ አልሠራም።»

ፋይሉ በእጄ ነበር። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ አጎቴና እህቴ እየተጨበጡ ናቸው። ቀደድኩት።

የታተመ ካርድ ነው። በወርቃማ ቀለም የእናቴ ስም፤ ከጎኑ የማላውቀው የወንድ ስም። ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ የጋሽ ዘይቱ እውነተኛ ስም መሆኑ ገባኝ፤ ለካ እሳቸውም ስም አላቸው። ከሥር የዛሬው ቀን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከጥገና ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ። ከዚያም በታች በእርሳስ፦ «ልጆቼ፣ የእናንተን ልብስ እኔው እሰፋዋለሁ፣ ለቀኑ ይደርሳል። ፊት ረድፍ ላይ ሦስት ወንበር ይዤላችኋለሁ።»

ሰዓቴን አየሁ። አሥር ሰዓት ከሩብ።

«ምን ይላል?» አለኝ ሰውዬው። ካርዱን ሰጠሁት። አነበበው፤ አየኝ፤ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ስድብ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስታችንም ሮጠን ስንደርስ ግቢው ውስጥ ወንበር ይደረደር ነበር፤ አንዱ ባንዱ ላይ። ፊት ረድፍ ላይ ሦስት ወንበሮች ብቻ ሳይነኩ ቆመዋል። በሁለቱ መደገፊያ ላይ አዲስ ኮት፣ በአንዱ ላይ አዲስ ቀሚስ ተንጠልጥሏል። እናቴ በክሬም ልብሷ የቀሩትን ብርጭቆዎች ትሰበስባለች። ያን ያህል ቆንጆ መሆኗን አላውቅም ነበር። አየችን። ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«እማዬ!» አለች እህቴ። «ለምን አልነገርሽንም?»

እናቴ ወደ እሷ ዞረች።

«ስንት ጊዜ ነው ‹ስሙኝማ› ያልኳችሁ?»

እህቴ ብዙ ጉድለት አላት፤ በቁጥር ግን አትዋሽም። «መቶ ሰባት» አለች አንገቷን ደፍታ።

«እኔ ጋ መቶ አራት ነው» አልኩ።

«የተመልካቾች ስምምነት ዘጠና ሰባት በመቶ ነው» አሉ አጎቴ፤ ከልማድ የተነሣ ነው እንጂ መናገር አልፈለጉም። «ተቀባይነት አለው።»

ጋሽ ዘይቱ ከኋላ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ቆመዋል፤ ኪሳቸው ላይ ያው የዘይት ቆርቆሮ ወጣ ብሎ ይታያል። «እኔ አንዴ ነው የጠየቅኳት» አሉ ለማንም ሳይሆን። «አንዴ ነው የመለሰችልኝ።»

«እኔ ደግሞ የነገርኳችሁ መስሎኝ!» አለች እናቴ። «ያን ሐሙስ፣ እዚያች ቢጫ ወንበር ላይ ተኮማትሬ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። እንዴት እንደተዋወቅን፣ አባታችሁን እንዳልረሳሁት፣ እናንተ ካልፈቀዳችሁ እንደማላደርገው። ‹ትፈቅዱልኛላችሁ ወይ?› ብዬ እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ከግድግዳው ወዲያ ጭብጨባ ሰማሁ። ሦስት ሰው፣ ሞቅ ያለ ጭብጨባ! ‹ተመስገን፣ ልጆቼ መረቁኝ› ብዬ እስከ ቤት እያለቀስኩ ሄድኩ። ከዚያ በኋላማ የጠራኋችሁ የኮቱን ቀለም ልጠይቅ ነበር።»

ግቢው ውስጥ ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች ሁሉ ቆሙ። አጎቴ አፋቸውን ከፈቱ። «ከዚህ አኳያ…» አሉ። «ከዚህ አኳያ…» አኳያው አልመጣላቸውም። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሰው «እትዬ!» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ አዲሱን ኮት ጭናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ማንም አልመዘገበም።

እናቴ አልጮኸችብንም፤ አላባረረችንም። የተረፈ ኬክ አቀረበችልን። በላነው። ከዚያ ወንበሮቹን ደረደርን። ሲመሽ እሷ እዚያው ቀረች፤ እኛ ሦስታችን፣ ከነምስክር ወረቀታችን፣ ወደ ቤት ሄድን። ቤቱ ውስጥ ማንም «ስሙኝማ» አላለም። ግራፋችን ትክክል ነበር፤ ዜሮ ነው።

አንድ ሳምንት ሙሉ ይቅርታ መጠየቂያ ሳዘጋጅ ሰነበትኩ። በሦስት ደረጃ ከፍዬ፣ በወረቀት ጽፌ፣ ኪሴ ውስጥ አድርጌ፣ አዲሱን ኮት ለብሼ ሄድኩ። እናቴ በአዲሱ ቤቷ መስኮት ሥር በመኪናዋ ትሰፋለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ መኪናው ይጮሃል። በር ላይ ቆምኩ። መቶ ሰባት ጊዜ ብታስጠራኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይገባኛል።

«እማዬ» አልኩ፣ ድምፄ ለራሴም ሳይሰማኝ። «ስሚኝማ።»

መኪናው ቆመ። ወዲያው። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ ጥላው ዞረች።

«ወዬ ልጄ! ምን ሆንክ?»

ሦስቱም ደረጃ ከአእምሮዬ ጠፋ። ተነሥታ መጣችና ኮቱን ትከሻዬ ላይ ሳብ ሳብ አደረገችው። «ጠበበህ እንዴ? ወፍረሃል ብዬ ሰፋ አድርጌው ነበር። ና ቁጭ በልና ንገረኝ።»

ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

ስወጣ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፤ መንገዱ ጥግ ላይ ሆና እየጠበቀችኝ ኖሯል።

«በስንተኛው ነው የመለሰችልህ?» አለችኝ።

«በመጀመሪያው።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

«እንዴ! እንዲህ ወዲያው ከተመለሰልህማ ድርጊቱ ሥር ይሰዳል! ነገም ትመጣለህ፣ ከነገ ወዲያም ትመጣለህ…»

«እመጣለሁ» አልኳት።

የመኪና ጡሩምባ፣ የሰው ኮቴ ይሰማል። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ።

«እኔስ ብጠራት… በስንተኛው የምትመልስልኝ ይመስልሃል?»

«ግቢ፤ በሩ ክፍት ነው» አልኳት። «ግን በእናትሽ፣ ዛሬ እንኳ እንዳትቆጥሪ!»

ስልኩን ዘግቼ፣ በገዛ ንግግሬ ትንሽ ኮርቼ፣ ግራ እጄን ከአዲሱ ኮት ኪስ ሳወጣ መቁጠሪያዬ አብራ ወጣች። አውራ ጣቴ ላይዋ ላይ ነው። ቁጥሯን አየሁ፤ አንድ ትላለች።